ያልታጠበው መስታወት

እህቴ ሰው ስትስል ፊቱን ከመሥራቷ በፊት ዓይኑን ትሠራለች። ከዓይኑም ብሌኑን፣ ከብሌኑም በፊት በላዩ ላይ የምታበራውን፣ የሰሊጥ ፍሬ የማታህል ነጭ ነጥብ። ነጥቧ ስትደርቅ ጥቁሩ ይመጣል፤ ጥቁሩ ሲደርቅ ነጩ፤ ከዚያ የጉንጩ ቅላት፤ ከሁሉም በመጨረሻ ቆዳው። ሌላው ሰዓሊ ሥራውን ጨርሶ ሊነሳ ሲል የሚያሳርፋትን ነጥብ፣ እሷ ጠዋት ወንበሯን ስባ እንደተቀመጠች ታሳርፋታለች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቅዱሳት ሥዕላትን የምትስለው በመስታወት ላይ ነው፤ የምትቀባውም የመስታወቱን ጀርባ ነው። ሰው የሚያየው በወዲያኛው በኩል አሻግሮ ስለሆነ፣ ቀድሞ የተቀባው ከፊት ይታያል፣ ኋላ የተቀባው ከሥሩ ይቀራል። ግራና ቀኙም ይለዋወጣል። የሚባርከውን ቀኝ እጅ ግራ አድርጋ ትስለዋለች፤ መስታወቱ ሲገለበጥ ቦታውን ያገኛል። አንዴ የተሸፈነ መስመር ደግሞ አይታረምም። ተሳስተህ ከሆነ ስህተትህ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ያይሃል፤ ያለህ መድኃኒት ምላጭ ብቻ ነው፤ ልጠህ ከዜሮ መጀመር።

በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው «የኋሊቷ» ይላታል። እኔ ታናሿ ነኝና እታለም እላታለሁ። አንድ ጊዜ፣ በጎረምሳነቴ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ያቅታል?» ብዬ ብሩሽ አነሳሁ። የአባታችንን መልክ ልስል ተነሳሁና፣ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ከፊቱ ጀመርኩ። ክብ አድርጌ፣ ጥሩ የስንዴ መልክ ሰጥቼ፣ ጥንቅቅ አድርጌ ቀባሁት። ከዚያ ዓይን የማስገባበት ቦታ አጣሁ። ገልብጬ ባየው አባቴ እንደ ድስት ክዳን ድፍን ብሏል። እታለም ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ሰባብሬ ልጥለው ስል ከእጄ ነጥቃ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ የወንድሜ ሥራ ነው» ትላለች። እስካሁን አላወረደችውም።

እኔ መስታወት ቆራጭ ነኝ። የመስኮት፣ የበር፣ የሱቅ፣ የጠረጴዛ፤ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት፣ ባለ ስድስት ሚሊ፤ ምኑን ትፈልጋላችሁ? ሱቁን የወረስኩት ከአባታችን ነው። በወጉ ቢሆን ኖሮ መውረስ የነበረባት እሷ ናት፤ በኩሯ እሷ፣ እጇ የረጋው እሷ። ግን በአሥራ ሰባት ዓመቷ አንድ ሽማግሌ ሰዓሊ ቁርጥራጭ ሊገዛ መጣና፣ አባታችን እስኪቆርጥለት ቆሞ ሲጠብቅ፣ አቧራ በለበሰ መስታወት ላይ በጣቱ ጫፍ የአንዲት ሴት ፊት ሠራ። ጨዋታ ነበር ለእሱ። እታለም ግን መስታወቱን ዞራ ከጀርባው አየችው፤ ተመልሳ ከፊቱ አየችው፤ እንደገና ዞረች። በሳምንቱ የሽማግሌው ተማሪ ሆና ቁጭ።

አባታችን ቆሽቱ አረረ። «መስታወት የተሠራው ሰው አሻግሮ እንዲያይ ነው፤ አንቺ ልትደፍኚው ትሄጃለሽ?» አላት።

«እኔም የምደፍነው እንዲያዩ ብዬ ነው» አለችው። 

ሦስት ዓመት ተማረች። ከዚያ ወዲህ ያለው ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። በዚህ ከተማ እሷ ያልሳለችለት ቤተ ክርስቲያን የለም ማለት ይቻላል፤ በየቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየታክሲው መሪ ፊት ያለውማ አይቆጠርም። ራሷን ዝቅ አድርጋ አታውቅም። «ጥሩ ሠርተሻል» ሲሏት «አዎ» ነው የምትለው። ሌላ ሴት ብትሆን «ኧረ ምኑ! እናንተ ናችሁ እንጂ» ትላለች። እታለም «አዎ፣ የልብሱ እጥፋት ላይ በደንብ አይታችኋል?» ብላ መስታወቱን ወደ ብርሃን ታዞርላቸዋለች። መጀመሪያ ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ገባኝ፤ መጥፎ የሠራችውንም ልክ እንዲሁ ነው የምትናገረው። «ይሄኛው እጅ ጓንት ያጠለቀ ነው የሚመስለው» ብላ ሰው ፊት በምላጭ ስትልጠው አይቻለሁ።

ቀለሟን የምታዋህደው በእንቁላል አስኳል ነው። ነጩ ለሥራዋ አይሆንም። ስለዚህ ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በትዳር ዘመኑ ሁሉ የእንቁላል ነጭ ሲበላ ኖሯል። የተጠበሰ ነጭ፣ የተቀቀለ ነጭ፣ በቲማቲም የተመታ ነጭ። «የእንቁላል አስኳል ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነው የማየው» ይላል።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቀው ግን ለመስታወቱ መታጠብ ነው። እኛ ስንቆርጥ የመቁረጫዋ መንኮራኩር እንድትሮጥ ነጭ ጋዝ ውስጥ እንነክራታለን። ጋዙ መስታወቱ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል። ለመስኮት ምንም አይደለም። ለእንቁላል ቀለም ግን መርዝ ነው፤ ቀለሙ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ከወራት በኋላ ይለቃል። ስለዚህ ራሷ በሳሙና ታጥባለች፣ በኮምጣጤ ትደግማለች፣ በአልኮል ትሠልሳለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ትተነፍስበታለች፤ ትንፋሿ መስታወቱን እኩል ካለበሰው ንጹሕ ነው፤ ነጠብጣብ ከሠራ እንደገና ወደ ገንዳው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንን ሥራ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ለአንድ ጊዜ ብቻ ሰጠች። ለእኔ።

የዛሬ ዓመት ገደማ ነው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ታድሶ አልቆ፣ በዋናው በር በስተቀኝ የሚሰቀል የእመቤታችንና የልጇ ሥዕል ታዘዘች። የሰው ቁመት የሚያህል፤ በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ ትልቁ። መስታወቱን ልትመርጥ ሱቄ መጥታ፣ ጥግ ላይ ያስቀመጥኩትን ስባሪ ሳታየው ብትደገፈው ግራ መዳፏን ሰነጠቃት። አምስት ቦታ ተሰፋች። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ውሃ እንዳታስነኪ አላት። ሥዕሉ ደግሞ የሚደርስበት ቀን ተቆርጧል። ደወለችልኝ።

«ቆርጠህ አጥበህ አምጣልኝ» አለችኝ። «በሳሙና፣ በኮምጣጤ፣ በአልኮል። ትንፋሽ ፈትነው። ሰምተሃል?»

«መስታወት ማጠብ ለእኔ ልታስተምሪኝ?» አልኳት።

ያን ቀን የአንድ ዳቦ ቤት መስታወት እየገጠምኩ ነበር፤ ባለቤቱ ራሴ ላይ ቆሞ ይነተርከኛል። የእታለምን መስታወት ቆረጥኩ፤ ሰዓቱ ሄደብኝ፤ ከወገቤ ላይ ጨርቄን መዝዤ ወለል አድርጌ ወለወልኩት። አብለጨለጨ። በዓይን ከታየ እንከን አልነበረውም። ያቺ ጨርቅ ግን ቀኑን ሙሉ መቁረጫዬን ስጠርግባት የዋለች፣ ነጭ ጋዝ የጠጣች ጨርቅ ናት። ወስጄ አስረከብኳት። «አጠብከው?» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሁለት ጊዜ» አልኳት። «ትንፋሽስ?» «ፈትኜዋለሁ።»

አመነችኝ። መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ጀመረች።

ሥዕሉ በተሰቀለ በዘጠነኛው ወር አባ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ፣ ደወሉላት። በእመቤታችን ጉንጭ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነገር ታይቷል። እታለም ምን ማለት እንደሆነ ስልኩ ላይ እንዳለች ገብቷታል፤ ቀለም ከመስታወት ሲለቅ በመሃል አየር ይገባና ከፊት በኩል እንዲያ ይመስላል። ሄዳ አወረደችው። የጀርባውን ጣውላ ስትፈታ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተቀረፈ ቀሚሷ ላይ ረገፈ።

ወሬው ክንፍ አውጥቶ በረረ። ሠላሳ ዓመት ያወደሷት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ «እኔ እንኳ ድሮም ቀለሟ አይጥመኝም ነበር» ማለት ጀመሩ። የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ጠራ። ሊቀ መንበሩ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ የማይመዘንና የማይለካ ነገር ያስጨንቃቸዋል። «ባለሙያ ይጠራና መስታወቱ ይመርመር» አሉ። በከተማው ከእኔ የተሻለ የመስታወት ባለሙያ የለምና የተጠራሁት እኔ ነኝ።

አዳራሹ ውስጥ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አጋድመውታል። እታለም በአንድ በኩል፣ እነሱ በሌላው በኩል ቆመዋል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቀለሙ የለቀቀው እንደመጣለት አልነበረም። ከጉንጯ ተነስቶ እስከ ትከሻዋ በግማሽ ክብ ይሄዳል፤ ከዚያ ይመለሳል፤ ሌላ ግማሽ ክብ። ሰው መስታወት ሲወለውል ክንዱ የሚሠራው መንገድ ነው። የእኔ ክንድ፣ የእኔ ጨርቅ። 

«መስታወቱ ጉድለት አለበት?» አሉኝ ሊቀ መንበሩ።

«የለበትም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ መስታወቱ ምንም አልሆነም። ሰው እውነት እየተናገረ እንዲህ መዋሸት መቻሉን ያወቅሁት ያኔ ነው።

እታለም ቀና ብላ አየችኝ። የተናገርኩት ገባት፤ ባለሙያ ነኝና አመነችኝ፤ እንደገና። ከዚያ ወደ እነሱ ዞረች። የራሷን ሥራ እንደምትተቸው አድርጋ ተናገረች።

«እንግዲህ መስታወቱ ደህና ከሆነ ቀለሜ ነው የተበላሸው ማለት ነው። በዚያው ቀለም የሠራኋቸው ሌሎች ሰባት ሥዕሎች አሉ። እነሱም ይለቃሉ። ሰብስቤ ልጬ እንደ አዲስ እሠራቸዋለሁ።»

«የዚህስ ነገር?» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ባነር የሚያትመው ልጅ በፕላስቲክ ላይ በአንድ ቀን አትሞ ያደርስልናል። ቢበላሽም ሌላ ይታተማል።»

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ እንጠብቃት» አሉ። «ምን እንደሆነ ደርሳበት ከነገረችን ትሠራለች። ካልሆነ እንደተባለው ይሁን።»

ሁለት ነገር ነበር እንግዲህ የተንጠለጠለው። አንደኛው ያ ግድግዳ ነው። ሁለተኛው እሷ ናት፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ እጇን ማመን አቆመች። ጠዋት ቀለም ታዋህዳለች፣ ቁርጥራጭ ላይ ትቀባለች፣ ማታ በጥፍሯ ትፍቃለች። አይለቅም። ግን ያኛውም መጀመሪያ አልለቀቀም ነበርና አታምነውም። ሠላሳ ዓመት የሠራችበትን ልክ ቀየረች። ቀለሙ ውስጥ የምትጨምረውን ኮምጣጤ አበዛች፣ ቀነሰች። ከዚያ እንቁላሉን ጠረጠረች። ሃያ ዓመት ሙሉ እንቁላል የምታመጣላትን ሴትዮ አደባባይ ላይ አቁማ «ዶሮዎችሽን ምን እያበላሻቸው ነው?» አለቻት። ሴትዮዋ አልቅሳ ሄደች። ባሏ ብቻ ተጠቀመ፤ የተጠረጠረው እንቁላል ሲተርፍ አስኳል በገበታው ላይ አየ። እሱም ቢሆን ደስ ብሎት አልበላም። «ትናንት ሰው መጥቶ ‹ጥሩ ሠርተሻል› ሲላት ዝም አለች» አለኝ አንድ ቀን በሹክሹክታ፣ ሰው እንደታመመበት ዓይነት።

እኔስ ለምን አልተናገርኩም? ብዙ ምክንያት ደርድሬ ነበር፤ አሁን አንዱም ቁም ነገር የለውም። ዋናው አፍሬ ነው። በዚህ ሱቅ ውስጥ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ መስታወት ማጠብ አቃተው ልባል ነው? ከዚያም በላይ እሷ ማንንም ሳታምን ኖራ አንድ ቀን ብታምን እኔን ነው። እሱን ከአፏ መስማት ፈራሁ። ነገሩን በሆዴ ይዤ ስዞር ከሳሁ። ሚስቴ «ምን ሆነሃል?» ብላ ስትይዘኝ ዘረገፍኩላት። እስክጨርስ ሽንኩርት ስትከትፍ ቆየች።

«እና እዚህ ወጥ ቤት ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

«ነገ እሄዳለሁ።»

«የሰው ሥዕል ዛሬ ጠዋት መላጥ እንደምትጀምር ሰምተሃል አይደል? ባሏ ምላጭ ሲገዛ አይቼዋለሁ።»

አልሰማሁም ነበር። ሰባቱም ሥዕሎች እኔ ቆርጬ፣ እሷ ራሷ አጥባ የሠራቻቸው ናቸው። አንዳቸውም ምንም አይሆኑም። ጤነኛ ሥዕል ልትልጥ ነው። በነጠላ ጫማዬ ወጣሁ፤ ሮጥኩ ብል ማጋነን ነው፣ በዕድሜዬ ሩጫ የሚባለውን ግን አደረግኩት።

ስደርስ ሰባቱ ጠረጴዛው ላይ ጀርባቸው ወደ ላይ ሆኖ ተደርድረዋል። ምላጩ እጇ ላይ ነው። የመጀመሪያው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ያሠራው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ ራሱ የለም። ከአንገቱ በላይ ጥርት ያለ ባዶ መስታወት ነው፤ በውስጡ የጠረጴዛው ጣውላ ይታያል። ፈረሱ ግን አለ፣ ልጓሙም አለ፣ ጦሩም አለ። የተላጠው ቀለም ጋዜጣ ላይ ትንሽ ክምር ሠርቷል።

«በጣም ጠንክሮብኛል» አለችኝ ቀና ሳትል። «ይሄኛውም የሚለቅ ከሆነ እንዲህ ምላጭ ባልሰበረ ነበር። አልገባኝም።»

«ተይው እታለም። አትላጪው።»

«ዛሬ ካልላጥኩ መቼ ልጨርስ ነው? ቆመህ ልታየኝ ነው ወይስ ታግዘኛለህ?»

«አላጠብኩትም» አልኩ።

«ምኑን?»

«የእመቤታችንን መስታወት። አላጠብኩትም። በወገቤ ጨርቅ ነው የወለወልኩት። በጋዟ ጨርቅ። ትንፋሽም አልፈተንኩም። ዋሽቼሽ ነው። አዳራሹ ውስጥም ሳየው አውቄዋለሁ፤ አፌን ዘግቼ ወጣሁ።»

ምላጩን አስቀመጠች። በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ጉንጬን አዘጋጅቼ ቆሜያለሁ። እሷ ግን ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጣ፤ ከሩቅ የሚመጣ መኪና መብራት ግድግዳ ላይ ሲወጣ ዓይነት፣ ቀስ ብሎ።

«ስለዚህ ቀለሜ ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ነው።»

«እጄም?»

«እጅሽማ...»

ሳልጨርስላት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነው። «ቀለሜ ደህና ነው! አንተ ሰውዬ፣ ቀለሜ ደህና ነው!» እያለች ባሏን ተጣራች። ወጣ። ነገረችው። እሱም አቀፋት። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ተረስቻለሁ። ወንድሟ ዋሽቶ እንዳዋረዳት ከሰማችው ሁሉ እሷ የያዘችው ያንን አንዱን ብቻ ነበር። ሰው ፊት ማፈሯ አልነበረም ለካ የጎዳት። እጇ የከዳት መስሏት ነበር።

ከዚያ እኔን አስታወሰች።

በእርጥብ ፎጣ ነው የመታችኝ፤ አንድ ጊዜ አንገቴ ላይ፣ አንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ። «አምስት ሳምንት!» ትላለች። «አምስት ሳምንት የእግዚአብሔርን እንቁላል ስጠራጠር! ያቺን ምስኪን ሴትዮ ዶሮ ስሰድብ!» ባሏ አልገላገለም። ይገባዋል፣ ምቺው በሚል ዓይነት እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ጫማህን አስተካክል» አለችኝ ሲደክማት። «ሦስት ቦታ እንሄዳለን።»

መጀመሪያ እንቁላል ሻጯ ቤት። እታለም በራሷ አንደበት ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ እኔን ወደፊት ገፋ አድርጋ «ያበላሸው ይሄ ነው» አለች። ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አይታኝ «እንኳን ዶሮዎቼ አልሆኑ» አለች። ሁለተኛው ፀጉር አስተካካዩ ጋ። ጊዮርጊስ ራሱን እንዳጣና ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። መቀሱን ይዞ አሰበ።

«ፈረሱስ?»

«ፈረሱ አለ።»

«እንግዲያው ግማሹ ተርፏል» አለ። «ራሱን ስትሠሪው ግን ትንሽ ፀጉር ጨምሪለት፤ የድሮው ሳስቶ ነበር።» እታለም ሳቀች። ስትስቅ ስሰማ ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሦስተኛው የሰበካ ጉባኤው ነው፤ እሑድ ተሰበሰቡ። እዚያው ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ።  ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ባለሙያ ብለን የጠራነው እርስዎን አልነበረም?»

«ነበር» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? እሳቸውም ሌላ አልጠየቁኝም፤ ያቺ አንዷ በቂ ነበረች።

«እሺ፤ ይህንን ሰማን» አሉ ወደ እታለም ዞረው። «ግን የሚቀጥለው እንደማይለቅ በምን እናውቃለን? ወንድምና እህት ናችሁ። ሊሸፍንልዎት ብሎ የተናገረው ቢሆንስ?»

እኔ ደሜ ፈላ። እሷ ግን ጥያቄውን ወደደችው። ከቦርሳዋ ያን ራሱ የሌለውን ጊዮርጊስ አወጣችና ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ቁልፍ ይዘዋል?»

«የምን ቁልፍ?»

«የቤትዎ። ይፋቁት።»

«ቅዱስ ሥዕል በቁልፍ ልፍቅ?»

«ፈረሱን ነው የሚፍቁት። አይዞዎት፣ አልቀየምዎትም።»

ሊቀ መንበሩ አባን አዩ። አባ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውዬው የቁልፋቸውን ጥርስ በፈረሱ ጭን ጀርባ ላይ አድርገው ጫን፣ ጫን አደረጉ። ቀጥሎ ቆም ብለው በደንብ ፈገፈጉት። ገልብጠው በፊት በኩል አዩት። ፈረሱ ጭረት እንኳ አልነካውም። እንደገና ቁልፋቸውን አዩት፤ ጫፉ ላይ ምንም ቀለም የለም።

«በዚያው ቀለም የተሠራ ነው» አለች እታለም። «ባነር የሚያትመው ልጅም በዚሁ ቁልፍ ይፈተን፤ የኔ አያሳፍረኝም። ጥፋቱን ወንድሜ ላይ ጥዬ አልሸሽም፤ ተቀብዬ ያልፈተሽኩት እኔ ነኝ። እንደ አዲስ የምሠራውም እኔ ነኝ። ከበፊቱም አስበልጬ ነው የምሠራላችሁ፤ የመጀመሪያው አንገቷ ትንሽ ረዝሞብኝ ነበር።»

ሥራው ለእሷ ተሰጠ። አባ «እንዲህ ያለ ዋስትና መጋዘን ውስጥ አግኝተው ያውቃሉ?» ብለው ሊቀ መንበሩን ቀለዱባቸው፤ እሳቸውም ቁልፋቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ ሳቁ።

በማግስቱ አዲሱን መስታወት ቆርጬ፣ በሁለት ሰው አሸክሜ ቤቷ ወሰድኩ። ግቢ ውስጥ፣ ገንዳው አጠገብ አስቀምጠን እነሱ ሄዱ። ላብራራላችሁ የምችለው ያን ጊዜ የተሰማኝን ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሥራዬ በሩ ላይ የሚያበቃ መሰለኝ። ቆርጦ ማምጣት፣ አስረክቦ መሄድ፤ እንደማንኛውም ነጋዴ። እውነቱን ለመናገር የተገባኝም እሱ ነው። ባርኔጣዬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ። መዳፏ ከዳነ ቆይቷል፤ ስፌቱ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኗል። ሳሙናውን፣ ኮምጣጤውን፣ አልኮሉን በገንዳው ጠርዝ ላይ ደረደረች። ከዚያ እጅጌዋን የምትሰበስብ መስሎኝ ስጠብቅ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«እጠበው» አለችኝ።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ።»

«እታለም፣ የቀለድሽ እንደሆነ...»

«አልቀለድኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳጥብ እኔም አንዳንድ ቀን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በዚህ ከተማ ውስጥ ይህንን መስታወት ሲያጥብ ሁለተኛ የማይሳሳተው ሰው ግን አንድ ብቻ ነው።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሳሙናው ነው ብዬ አሳበብኩ። አጠብኩ። በሳሙና ሦስት ጊዜ፣ በኮምጣጤ ሦስት ጊዜ፣ በአልኮል አራት ጊዜ። ጠርዙን፣ ማዕዘኑን፣ ማንም የማያየውን፣ ፍሬም ሥር የሚገባውን ዳር ሳይቀር። ወገቤ ተያዘ። ጎንበስ ብዬ ተነፈስኩበት፤ ትንፋሼ እኩል አለበሰው። እሷ አስኳሉን ከነጩ እየለየች አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችኝም።

ስጨርስ ተሸክመን ጠረጴዛዋ ላይ አጋደምነው። ቀጭኑን ብሩሽ አነሳች፣ ነጩ ቀለም ውስጥ ነከረች።

«ንጹሕ ነው?» አለችኝ።

«ንጹሕ ነው።»

«እሺ» አለች፤ የመጀመሪያዋን ነጥብም አሳረፈች።